ለላይኛው አልጋ ቀጭን ፍራሽ ይሻላል፤ የብየዳውንም ወጪ ማኅበሩ ይክፈል



እንደሚታወቀው በዚህ ሰሌዳ ላይ የምንለጥፈው ስለ ውሃ ፓምፕ፣ ስለ ደረጃ ጽዳት፣ ስለ መዋጮና ስለ ዘበኛ ደመወዝ ነው። ዛሬ ስለ ፍራሽ ጽፈናል። «ደሞ ፍራሽ ምን ይጻፍበታል? ይገዛል፣ ይተኛበታል፣ አለቀ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛም አምና እንዲሁ ነበር የምንለው። በመጪው እሁድ በሚደረገው ስብሰባ ግን በዚሁ ጉዳይ ድምፅ ስለምንሰጥ የጽሕፈት ቤቱን አሳብ ከወዲሁ በጽሑፍ ማስቀመጡን ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ስብሰባ ላይ እንደሆነ አንዱ ሲናገር ሌላው እያቋረጠው ነገሩ በቅጡ ሳይሰማ ይመሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቶቻችን ጠባብ ናቸው። ስቱዲዮውም ሆነ ባለ አንድ መኝታው ሦስት አራት ልጅ ላለው ሰው አይበቃም። በዚህም ምክንያት አብዛኛው አባል ለልጆቹ ተደራራቢ አልጋ አሠርቷል። በያጁ በቱቦላሬ ሠርቶ ያመጣዋል፣ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ ይተኛል፣ የተረፈችው ወለል ለጥናትም ለእንግዳም ትሆናለች። ተደራራቢ አልጋን የምንነቅፍ አይደለንም። እኛም ቤት ልጆች የሚተኙት በዚሁ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር ማኅበሩ የአባላቱን ገንዘብ አሰባስቦ 34 የስፖንጅ ፍራሽ በጅምላ ገዛ። ዋጋው ከችርቻሮው በጣም የቀነሰ ስለነበር ሁሉም ተደሰተ። ነጋዴው በውፍረት ባለ 10፣ ባለ 15 እና ባለ 20 ሳንቲ ሜትር አውጥቶ አሳየን። ባለ 20ውን የመረጥን እኛ ነን። ማንም አላስገደደንም። «ለአባሎቻችን ወፍራሙ ይገባቸዋል፣ በርካሽ እስከተገኘ ድረስ ለምን ቀጭን እንሰጣቸዋለን» አልን። ፍራሹ በአይሱዙ ተጭኖ ግቢ ሲገባ እልልታ ነበር፤ ልጆች ገና ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ላዩ ላይ ይዘሉ ነበር። ታዲያ ያን ቀን «ይኸ ፍራሽ የሚነጠፈው ታችኛው አልጋ ላይ ነው ወይስ ላይኛው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ሌሊት ከላይኛው አልጋ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ተወሰደች፣ ኋላም ሐኪም ቤት ሄዳ በጄሶ ታሰረላት። ተመስገን፣ አሁን ድናለች፤ ግቢ ውስጥ ገመድ ስትዘል እናያታለን። ያን ጊዜ ግን ብርቱካንና ዳቦ ይዘን ልንጠይቃት በሄድን ጊዜ አልጋውን አየነው። ከመውደቅ ይከላከላል የተባለው የጎኑ ብረት ከፍራሹ በላይ የሚታየው አራት ጣት ያህል ብቻ ነው። ሊቀመንበራችን እጃቸውን ፍራሹ ላይ አጋድመው ለኩት፤ ለክተውም ዝም አሉ። እናትየዋ እህታችን፣ «ድሮ በጥጡ ፍራሽ ጊዜ ብረቱ ከፍ ያለ ነበር እኮ» አለችን። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «ያው እናንተ የሰጣችሁን ፍራሽ ነው» አለች። ለወቀሳ አልነበረም የተናገረችው፤ ሻይ እየቀዳችልን ነበር። ሻዩን እንዴት እንደጠጣነው አናውቅም።

ሂሳቡ የሁለተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። የዚያ አልጋ የጎን ብረት ፍራሹ ከሚያርፍበት ርብራብ ተነሥቶ እስከ ላይ ሲለካ 28 ሳንቲ ሜትር ነው። ባለ 10 ፍራሽ ቢነጠፍበት 18 ይተርፋል። ባለ 20 ሲነጠፍበት የሚተርፈው 8 ነው። እኛ ብዙ የተማርን ሰዎች አይደለንም፣ መቀነስ ግን እናውቃለን። ሆኖም 34 ፍራሽ ስንገዛ ይቺን ቅናሽ የሠራ ሰው አልነበረም።

በጎኑ የተኛ ልጅ ትከሻው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ዛሬ ማታ የየራሳችሁን ልጅ ተመልከቱ። 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብረት የልጁን ትከሻ ግማሽ እንኳ አይደርስም። ልጁ በእንቅልፍ ልቡ ሲገላበጥ ብረቱ አይመልሰውም፤ እንዲያውም ያደናቅፈውና በጭንቅላቱ ይደፋዋል። በሌላ አነጋገር አልጋው ሲሠራ የነበረውን አጥር እኛ በፍራሽ ቀበርነው ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ምቾት እንጨምር ብለን ደኅንነቱን ጣልነው።

ከዚያ ወዲህ ጠያይቀናል። ከአባሎቻችን መካከል አንድ ወጣት የውጭውን አገር ደንብ በስልኩ ፈልጎ አንብቦ ተረጎመልን። በአሜሪካ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት የላይኛው አልጋ የጎን ብረት ከፍራሹ አናት በላይ ቢያንስ 5 ኢንች፣ ማለትም 13 ሳንቲ ሜትር ግድም ከፍ ማለት አለበት። የአውሮፓው መለኪያ ጠንከር ያለ ሲሆን ቢያንስ 16 ሳንቲ ሜትር ይላል። ሁለቱም ቢሆኑ የሚለኩት ከፍራሹ አናት ነው። ልብ በሉ፣ ከርብራቡ አይደለም። ስለዚህ በያጁ ምንም ያህል ጥሩ አድርጎ ቢሠራው፣ አልጋው ደኅና መሆን አለመሆኑን የሚወስነው በኋላ የሚገዛው ፍራሽ ነው። በአውሮፓ አልጋው ሲሸጥ «ፍራሹ ከዚህ መስመር አይለፍ» የሚል ምልክት እንዲኖርበት ይገደዳል። የእኛ በያጆች ይኸን ምልክት አያደርጉም፤ የጠየቃቸውም የለም።

እኛ 16ቱን ይዘናል። ሜትር የሌለው በስንዝር ይለካ። የትልቅ ሰው እጅ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ተዘርግቶ ከ16 ሳንቲ ሜትር አያንስም። ፍራሹ ላይ ማንም ሳይተኛበት ስንዝራችሁን ከፍራሹ አናት ወደ ላይ አቁማችሁ ለኩ። ብረቱ ስንዝራችሁን ከደረሰ ደኅና ነው። ካልደረሰ ልጁን ዛሬውኑ ታች አስተኙት፣ ነገ አትበሉ።

በነሐሴ ወር ቤት ለቤት ዞረን ለካን። ከገዛናቸው 34 ፍራሾች ላይኛው አልጋ ላይ የተነጠፉት 11 ሆነው ተገኙ። ከ11ዱ 9ኙ ከ16 ሳንቲ ሜትር በታች ናቸው። አንድ ቤትማ ብረቱ ከነጭራሹ ከፍራሹ እኩል ሆኗል፤ ለምን ቢባል አሮጌው የጥጥ ፍራሽ እንዳይጣል ከሥር ተነጥፎ አዲሱ ስፖንጅ ከላይ ተደርቦበት ነው። ይኸ ልማድ በብዙ ቤት አለ፤ እኛም ቤት ነበረ። ታችኛው አልጋ ላይ ማንም አይከለክልም፣ ላይኛው ላይ ግን ሁለት ፍራሽ መደረብ አጥሩን ማፍረስ ነው። ተጣጥፎ ከሥር የሚገባ ብርድ ልብስና ጋቢም እንዲሁ ይቆጠራል።

አሁን ፍራሽ ለመግዛት ለምታስቡ ያወቅነውን እንንገራችሁ። ለላይኛው አልጋ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የጎን ብረታችሁ ከርብራቡ 31 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ባለ 15ም ይሆናል። አንዳንድ ቤት የጎኑ ብረት 22 እና 24 ብቻ ነው፤ እዚያ ባለ 10ም ቢሆን አይበቃምና መጀመሪያ ብረቱ መነሣት አለበት። የስፕሪንግ ፍራሽ ላይኛው አልጋ ላይ አታውጡ፤ ወፍራም ነው፣ ከባድም ነው።

ቀጭን ስንል ግን ለስላሳና ውራጅ ማለታችን አይደለም። እዚህ ላይ ነጋዴው ያታልላል። ቀጭን ፍራሽ ጠንካራ ካልሆነ የልጁ ጎን ርብራቡ ላይ ያርፋል፤ ጠዋት ወገቤን እያለ ይነሣል። ነጋዴዎች ዴንሲቲ የሚሏት ቁጥር አለች። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የምትናገር ናት። ጨርቁ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመን የለባችሁም፤ ሚዛን አለ። ርዝመቱ 190፣ ወርዱ 90፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባዶ ስፖንጅ ባለ 25 ከሆነ 4 ኪሎ ከሩብ ግድም ይመዝናል። 3 ኪሎ ከመዘነ ባለ 18 ነው ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው መሐሉ ይሰምጣል። ለልጅ ባለ 25ና ከዚያ በላይ ቢሆን እንመርጣለን። ዚፑን ከፍታችሁም እዩ። አንድ ወጥ ነው ወይስ ቁርጥራጭ የተጠቀጠቀበት? ዚፑን አላስከፍትም የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ርዝመትና ወርዱም ያው ነው። ከአልጋው ያጠረ ፍራሽ በርካሽ ተገኘ ተብሎ አይገዛም። አንዲት አባላችን ባለ 190 አልጋ ላይ ባለ 180 ፍራሽ አንጥፋ ክፍተቱን በአሮጌ ልብስ ሞልታዋለች። ልብሱ እያደር ይሸሻል። በዚያ ክፍተት የትንሽ ልጅ እግር፣ ከዚያም ገላ ሊሾልክ ይችላል፣ ጭንቅላት ግን አያልፍም። ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። የአሜሪካው ደንብ በላይኛው አልጋ አጥር ላይ ያለ ክፍተት ሁሉ ከ3 ኢንች ተኩል፣ 9 ሳንቲ ሜትር ግድም ማለት ነው፣ እንዳይበልጥ የሚያዘው ለዚሁ ነው። በግድግዳው በኩልም ብረት ያስፈልጋል። «ግድግዳው ራሱ ይይዘዋል» ይባላል፤ አልጋው ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ ከግድግዳው ይርቃል፣ ልጁም በመሐል ይገባል።

ርብራቡን በተመለከተ ባጭሩ፣ ያልተበየደ ወይም በምስማር ያልተመታ ርብራብ አይሁን። ታች የተኛው ልጅ በእግሩ ወደ ላይ እየገፋ ይጫወታል፤ ልቅ የሆነ ጣውላ ይነሣና የላይኛው ልጅ ከነፍራሹ ታች ይወርዳል። በርብራብ ፋንታ ችፑድ ያነጠፋችሁ ፍራሹን በሳምንት አንዴ አንሡት፤ ከሥሩ አየር ስለማያገኝ ላብ ይዞ ይሻግታል። ክረምት ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ ፍራሽ ሁለት ቤት አይተናል።

መብራት ሲጠፋ ሻማ አልጋው ራስጌ ላይ የምታቆሙ፣ እባካችሁ። ስፖንጅ ከነዳጅ ዘር የሚሠራ ነገር ነው፤ አንዴ ከያዘ ውሃ እስኪቀዳ አይጠብቅም። ጭሱ መርዝ ነው፤ ጭስ ደግሞ ወደ ላይ ስለሚወጣ የሚያፍነው አስቀድሞ ላይ የተኛውን ነው።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር እንበል። ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ላይኛው አልጋ ላይ አይተኛ። የአሜሪካውም ደንብ ይኸንኑ ማስጠንቀቂያ አልጋው ላይ ያስለጥፋል። «የእኔ ልጅ ጎበዝ ነው፣ እንደ ጦጣ ነው የሚወጣው» ያሉን አባት አሉ። ሲወጣ አየነው፣ እውነትም ጎበዝ ነው። ግን እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ጎበዝም ሰነፍም የለውም።

ወደ ክርክሩ እንምጣ። በኮሚቴው ውስጥ አሳባችንን የተቃወሙ ወንድሞችና አባቶች አሉ፤ ድምፃቸውን ማፈን አንፈልግም። አንድ አባታችን፣ «እኛ መደብ ላይ ነው ተኝተን ያደግነው፣ የዘንድሮ ልጅ ተቀማጠለ» ብለዋል። አባታችን ልክ ናቸው፤ መደብ ላይ ተኝተው አድገዋል። ከመደብ የወደቀ ልጅ ግን የሚወድቀው ከጉልበት ከፍታ ነው፤ ያውም አፈር ላይ። የእኛ ልጆች የሚወድቁት ከትልቅ ሰው ደረት ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ነው።

ሌላዋ እህታችን ደግሞ፣ «ለአባል ቀጭን ፍራሽ ማደል መናቅ ነው፣ ሰው ምን ይላል» አለች። ይኸኛው ነገር ልባችንን ነክቶታል፤ ምክንያቱም በየካቲት እኛ ራሳችን ያሰብነው ይኸንኑ ነበር። ወፍራም ፍራሽ የክብር ምልክት መስሎን ነበር። እንግዳ ሲመጣ የሚያየው፣ ጎረቤት የሚያወራው ወፍራሙን ነው። ላይኛው አልጋ ላይ ግን እንግዳ አይተኛም። የሚተኛው ልጃችን ነው፤ እሱ ደግሞ የ25 ኪሎ ሰውነት ነው ያለው፣ ባለ 10 ጠንካራ ስፖንጅ አይበዛበትም እንጂ አያንስበትም። ወፍራሙን ታች አንጥፉት። ታች ያለው ልጅ ይመቸው፣ ወላጅም ቀን ላይ አረፍ ይበልበት።

ከባዱ ክርክር የገንዘቡ ነው። ለ9ኙ ቤቶች ሁለት ነገር ያስፈልጋል። ፍራሽ መለወጥ ለሚችለው መለወጥ፣ ብረቱ አጭር ለሆነው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቱቦላሬ አስበይዶ አጥሩን ከፍ ማድረግ። የጽሕፈት ቤቱ አሳብ ወጪው ከማኅበሩ ካዝና ይውጣ የሚል ነው። «ልጅ የሌለን ለምን እንከፍላለን? እያንዳንዱ የራሱን አልጋ ያስተካክል» የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን። የውሃ ፓምፑ ሲገዛ ምድር ቤት ያሉት አባላት እኩል ከፍለዋል፤ ውሃው ያለ ፓምፕም ይደርሳቸው ነበር። ማንም ደረሰኝ ይዞ «እኔን አይመለከተኝም» አላለም። ከዚህም በላይ ይኸ የአባላቱ ጥፋት አይደለም። ፍራሹን የመረጥነው እኛ ነን። አባላቱ ያመኑት ማኅበሩን ነው። እህታችን ለወጌሻና ለሐኪም ያወጣችውን ገንዘብ እንኳ አልጠየቀችንም፤ እሁድ በስብሰባው ላይ እሱም እንዲነሣ እንፈልጋለን። ጽሕፈት ቤቱ መክፈል አለብን የሚል አቋም አለው።

ደግሞ ተቻኩለን ሌላ ጥፋት እንዳናጠፋ። አንድ አባላችን ባለ 20ውን ፍራሽ በቢላ ለሁለት ሰንጥቆ ሁለት ባለ 10 አወጣለሁ ብሎ ሞከረ። አንዱ ዳር 6 አንዱ ዳር 13 ሆኖ ወጣ፤ አሁን የሚተኛበት የለም፣ ድመቷ ካልሆነች። እንዲህ አታድርጉ። ወፍራሙን ፍራሽ ቀጭን ካለው ጎረቤት ጋር መለዋወጥ ይቻላል፤ ጽሕፈት ቤቱ ማን ምን እንዳለው መዝግቧል፣ ያገናኛችኋል። እስካሁን አራት ቤት እንዲሁ ተለዋውጧል።

ብየዳውም ቤት ውስጥ አይደረግም። የሚፈታ አልጋ ተፈትቶ ግቢ ይውረድ። የማይፈታ ከሆነ ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱና መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ከክፍሉ ወጥቶ ባልዲ ውሃ ቀርቦ ይበየድ። የብየዳ ብልጭታ ስፖንጅ ላይ ካረፈ ለልጅ ደኅንነት ብለን ብሎኩን እናቃጥላለን። አዲሱ ብረት ሲጨመርም ከነባሩ ብረት ያለው ክፍተት ከ9 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ለበያጁ ንገሩት። በያጅ ብረት ለመቆጠብ ሲል ያራርቀዋል።

ብየዳው ካለቀ በኋላ የእያንዳንዱ አልጋ ቋሚ ላይ በቀይ ቀለም መስመር እናሰምራለን፤ ከአጥሩ አናት 16 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ተለክቶ ማለት ነው። ፍራሽ ከዚያ መስመር አይለፍ። ቀለሙን አንድ አባል በነፃ እሰጣለሁ ብሏል። ለሚቀጥለው የጋራ ግዢም ምዝገባው ሲጀመር ቅጹ ላይ «ለታች» እና «ለላይ» የሚል ሁለት ዓምድ ይኖራል፤ የአልጋችሁን የጎን ብረት ቁመት ሳትጽፉ ቅጹን አንቀበልም። ይኸን ግዴታ ማድረጋችን ያስቀየማችሁ ካላችሁ እሁድ መጥታችሁ ተናገሩ።

ስብሰባው እሁድ ከቀኑ በ9 ሰዓት ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ነው። መለኪያ ሜትሩ ዘበኛው ክፍል ተቀምጧል። ተውሳችሁ ለክታችሁ በዚያው ቀን መልሱ፤ ባለፈው የወሰደው ሰው ሦስት ቀን አቆይቶታል።